ነጩ ቆብ፣ ሻሻችንና የነርስነት ቃለ መጠይቅ

ነርስነት የተማሩ የደጋን ልጆች ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩ፣ ቤት ውስጥ ከፈተናው እኩል የሚያስጨንቅ ጥያቄ ይነሳል፦ «ምን ለብሼ ልሂድ?» አንዷ ሱፍ ልዋስ ትላለች። ሌላዋ ሻሼን አውልቄ ብገባ ይሻል ይሆን እያለች ታመነታለች። መልሱን ለማግኘት የሙያው ልብስ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይረዳል።

ነርስን «ሲስተር» ብለን የምንጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። በአውሮፓ ለብዙ ዘመን ሕሙማንን ያስታምሙ ከነበሩት መካከል ራሳቸውን የሸፈኑ የገዳም እህቶች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1836 ጀርመን ውስጥ ካይዘርስቨርት በምትባል ከተማ የተከፈተው የፕሮቴስታንቶች ማሠልጠኛም ሴቶቹን ረጅም ቀሚስና ነጭ ቆብ አለበሳቸው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1851 የሠለጠነችው እዚያ ነው። በ1854 የክሪሚያ ጦርነት ቁስለኞችን ለማስታመም 38 ሴቶችን ይዛ ስትሄድም ከመካከላቸው መነኮሳይት ነበሩ። በኋላ የነርስ መለያ የሆነው ነጭ ቆብ የመጣው ከእነዚህ ሴቶች የራስ መሸፈኛ ነው። በእስልምና ታሪክም ሩፈይዳ አል አስለሚያ በመዲና ድንኳን ተክላ ቁስለኞችን ታክም እንደነበር ይተረካል። ስለዚህ ራሷን የሸፈነች ሴት ለዚህ ሙያ እንግዳ አይደለችም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው በ1931 ዓ.ም. ተመረቁ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆነው ሳለ እንደ ማንኛዋም ተማሪ የነርስ ቀሚስና ነጭ ቆብ ለበሱ። በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ሲያርፉ በስማቸው አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠራ፤ ነርሶችም ሠለጠኑበት። የነርስ ልብስ የባለጸጋና የድሃ ልጅ እንደማይለይ ከእሳቸው እንማራለን።

ቆቡ ግን አልዘለቀም። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በብዙ አገሮች ቀርቷል፤ ለሥራ አይመችም፣ ጀርምም ይይዛል ተብሎ። ቀጥሎ ጥያቄው ወደ እጅጌ ዞረ። እንግሊዝ በ2007 በሽተኛ የሚነካ ባለሙያ ከክርን በታች እጁ ባዶ እንዲሆን ወሰነች፤ ረጅም እጅጌ፣ ቀለበትና ሰዓት እጅን በደንብ ለመታጠብ ያስቸግራሉና። በ2010 ደግሞ ክንዳቸውን መግለጥ ለማይፈልጉ ሙስሊም ሠራተኞች አንዴ ተደርጎ የሚጣል እጅጌ ተፈቀደ። ከዚህ የምንረዳው ንጽሕናና ጨዋነት የግድ እንደማይጣሉ ነው።

እንግዲህ ልጆቻችን ምን ይልበሱ? ሱፍ የግድ አይደለም። ታጥቦ የተተኮሰ፣ ደብዘዝ ያለ ቀለም ያለው፣ የማይጠብና መሬት የማይጠርግ ቀሚስ ይበቃል፤ ሳልባጅም ቢሆን ማንም አይጠይቅም። እጅጌው ረጅም ከሆነ ወደ ላይ የሚሰበሰብ ይሁን። ሻሹ ወይም ሂጃቡ ይቅር አንልም፤ ነገር ግን ጫፉ በሽተኛ ላይ እንዳይወድቅ ወደ ውስጥ ይግባ። ጫማው ጣት የሚሸፍን፣ ታኮው ዝቅ ያለ ይሁን። ጥፍር ይቆረጥ፤ አምባርና ቀለበት ቤት ይቅር፤ ሽቶም አይብዛ፤ በሽተኛን ያውካል። ጠያቂዎቹ ስለ ልብሱ ካነሱ እያንዳንዱን ለምን እንደመረጠች ማስረዳት ትችላለች፤ ያ ራሱ የሙያ መልስ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ወጪ የሚጠይቀው ጫማው ነው። ለሱፍ ኪራይ ከመበደር፣ ከቁጠባችን ላይ ለጫማና ለደሴ መሳፈሪያ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ብንመድብ፣ ደጋፊዎቻችንም ቢያግዙን፣ ልብስ አጥታ ከቃለ መጠይቅ የምትቀር ልጅ አትኖረንም።