ከቀትር በፊት መሻገር
የዝዋይ ታንኳና የአርሲ ተራሮች ነፋስ

ከአሰላ ከተማ በላይ የሚታየው የጭላሎ ተራራ ከ4,000 ሜትር የበለጠ ከፍታ አለው። ከተራራው በስተ ምዕራብ፣ ከ40 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት የተንጣለለው የዝዋይ ሐይቅ ደግሞ በ1,636 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህች አጭር ርቀት ከ2,300 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ ማለት ነው። የደጋው ሰው ይህን ቁልቁለት በከታር ወንዝ ያውቀዋል፤ ወንዙ ከአርሲ ተራሮች ተነሥቶ ወደ ሐይቁ ይወርዳልና። በሐይቁ ደሴቶች ላይ ለዘመናት የኖረው የዛይ ሕዝብ ግን በነፋስ ሲያውቀው ኖሯል።

ሐይቁ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ሲኖረው ጥልቀቱ በአማካይ 2.5 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጥልቀት የሌለው ውኃ ለተመልካች የዋህ ይመስላል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ነፋስ ሲመታው ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። የውኃው መልክ የደፈረሰውም ነፋሱ እስከ ወለሉ ድረስ ስለሚያማስለው ነው።

ከአምስቱ ደሴቶች ትልቋ ቱሉ ጉዶ ናት፤ ስሟ በኦሮምኛ «ትልቅ ኮረብታ» ማለት ሲሆን፣ ወደ ምሥራቁ፣ ማለትም ወደ አርሲ ዳርቻ ታደላለች። በደሴቲቱ ያለችው የማርያም ጽዮን ገዳም ትውፊት እንደሚለው፣ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽቶ በዚያ 70 ዓመት ተቀምጧል። ታቦቱን የተሸከሙት ካህናት በስንት ሰዓት እንደ ተሻገሩ ትውፊቱ ባይናገርም፣ ሐይቁን የሚያውቅ ቀዛፊ ቢጠየቅ «በማለዳ ነው እንጂ» ማለቱ አይቀርም። በኋላም በ16ኛው ምዕተ ዓመት ጦርነትና የሕዝብ ፍልሰት አገሩን ባናወጠው ጊዜ ደሴቶቹ መጠጊያ ሆኑ። ከሴማውያን ልሳናት የሚመደበው፣ ከስልጢኛና ከሐረሪ ጋር የሚዛመደው የዛይ ቋንቋም በውኃው ተከብቦ ቆየ።

ነገር ግን ደሴት ላይ ተጠግቶ መዳን አንድ ነገር ነው፤ መብላት ደግሞ ሌላ። ዛዮች የደሴቶቹን ዳገት በድንጋይ እርከን እየከተሩ ቢያርሱም መሬቱ ጠባብ ነበር። ስለዚህ ሰላም በሆነ ጊዜ ዓሣና የሸመኑትን ልብስ ይዘው ወደ ዳርቻው ይሻገሩ፣ ከአርሲ ኦሮሞዎችም እህል ይለውጡ ነበር።

የመሻገሪያው ቀን የሚጀመረው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። ማለዳ ሐይቁ እንደ መስተዋት ጸጥ ይላል። ፀሐይ ምድሩን ካሞቀች በኋላ ግን ነፋሱ ይነሣል፤ ከቀትር በኋላም ይበረታል። በክረምት ይህ ብቻ አይደለም። በተራሮቹ ላይ ደመና ተከምሮ ዝናብ ሲጥል፣ በዝናቡ የቀዘቀዘው ከባድ አየር ቁልቁለቱን ተከትሎ ከዝናቡ ቀድሞ ሜዳውን ይጠርጋል። ሰማዩ በሐይቁ ላይ ብሩህ ሳለ ማዕበሉ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህም የቀዛፊው ዓይን የሚያርፈው ከራሱ በላይ ባለው ሰማይ ላይ ሳይሆን በጭላሎ ራስ ላይ ነበር።

አደጋው ምን እንደ ነበር ለመረዳት የታንኳዋን አሠራር መመልከት ያሻል። ከሐይቁ ዳር የሚበቅለው ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በነዶ በነዶ እየታሰረ ይሠራል። ታንኳዋ የምትንሳፈፈው እንደ እንጨት ጀልባ በውስጧ ባለው ባዶ ስፍራ ሳይሆን በራሱ በደንገሉ ቅለት ነው፤ ውኃ ቢገባባትም በነዶዎቹ መካከል ይወርዳል፤ እምብዛም አትሰምጥም። በዚህ ረገድ ከብዙ ጀልባዎች የተሻለች ናት። ጉድለቷ ሌላ ነው፦ ደንገሉ ውኃ ይመጥጣል፤ ቀኑን ሙሉ በውኃ ላይ ከቆየች ትከብዳለች፤ ጠርዟም ዝቅ ይላል። ማለዳ በዓሣና በልብስ የሄደችው ታንኳ በመልሱ ጉዞ ረጥባ ሳለ ይልቅ ከባዱን ጭነት፣ እህሉን፣ ትሸከማለች። ሞገድ ከመታት ሰውየው ነዶውን ይዞ ሊተርፍ ይችላል፤ እህሉ ግን ረጥቦ ይበላሻል፤ ይህም ለአንድ ቤተ ሰብ የብዙ ሳምንት ምግብ ነው።

የደሴቱ ሰው እክል እዚህ ላይ ነበር። ገበያ የሚደራው ረፋዱ ካለፈ በኋላ፣ ነፋሱ በሚነሣበት ሰዓት ነው። ዋጋ እስኪሻሻል የጠበቀ መንገዱን ያጣል፤ ቶሎ የተነሣ በተገኘው ዋጋ ሸጦ ይሄዳል። ከዳርቻው ማደርም ሁልጊዜ የሚቻል አልነበረም፤ በዳርቻው ከሚኖሩት ጋር ሁልጊዜ ሰላም አልነበረምና። ውኃው ዛዮችን ከጠላት መጠበቁ ብዙ ተጽፏል፤ ነፋሱ በየገበያው ቀን ያስከፈላቸው ግን ብዙም አልታሰበበትም።

በ1870ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የምኒልክ ጦር አርሲን ከያዘ በኋላ ብዙ የደሴቶቹ ሰዎች ወደ ዳርቻው ወርደው መኖር ጀመሩ። ከዘመናት በኋላም የሞተር ጀልባ መጣ፤ በምዕራቡ ዳርቻ ካለችው ከባቱ ከተማ ቱሉ ጉዶ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል። ሆኖም ነጂዎቹ ዛሬም መንገደኛውን በማለዳ እንዲመጣ ያሳስቡታል።