በሸክላ የቀረ ሣቅ

በታላላቅ የሙዚቃ ድርሰቶች ላይ መቀለድ ከሸክላ መፈጠር በፊት የነበረ ልማድ ነው። ሞዛርት በ1787 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «የሙዚቃ ቀልድ» የተባለውን ድርሰቱን ሆን ብሎ በስሕተት ሞልቶ፣ በፍጻሜው መሣሪያዎቹን በተለያየ ቅኝት አጋጭቶአቸዋል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ቀልድ አዳራሽ ለሚገባ ሰው ብቻ የተከፈተ ነበር። ወደየቤቱ ያስገባው ሸክላ ነው።

በአሜሪካ የከበሮ ተጫዋቹ ስፓይክ ጆንስ በ1948 ዓ.ም. ባወጣው ሸክላ የሮሲኒ «ዊልያም ቴል» መክፈቻ ሙዚቃ መጨረሻው ላይ የፈረስ እሽቅድምድም ዘገባ ሆኖ ያርፋል። የጆንስን ሸክላዎች የሚሰማ ሰው ሁካታ ብቻ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን የሽጉጡ ተኩስም ሆነ የላሙ ደወል በምቱ ላይ የሚገባ ነው። አንዱ በግማሽ ምት ቢዘገይ ቀልዱ ይሞታል።

ከዚህ ዓይነት ሸክላዎች ሁሉ ግን ጠለቅ ያለ ታሪክ ያለው ጄራርድ ሆፍኑንግ ትቶት የሄደው ነው። ሆፍኑንግ በ1925 ዓ.ም. በበርሊን ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ፣ ገና ተማሪ ሳለ ናዚዎችን ሸሽቶ ለንደን የገባ ስደተኛ ነበር። መተዳደሪያው የቀልድ ሥዕል፣ ፍቅሩ ቱባ መንፋት ነበር። በሥዕሎቹ ያስቅባቸው የነበሩትን ሙዚቀኞች በአካል መድረክ ላይ ለማውጣት አስቦ፣ ኅዳር 13 ቀን 1956 ዓ.ም. በለንደን ሮያል ፌስቲቫል ሆል ኮንሰርት አዘጋጀ። ዝግጅቱም በሸክላ ተቀረጸ።

የዕለቱ ደራስያን ተራ ቀልደኞች አልነበሩም። ማልኮም አርኖልድ ለሦስት የአቧራ መምጠጫ ማሽኖች፣ ለአንድ የወለል መወልወያ፣ ለአራት ጠመንጃና ለሙሉ ኦርኬስትራ መክፈቻ ሙዚቃ ጻፈ። ማሽኖቹ በመጨረሻ በጠመንጃ ይረሸናሉ፤ ከዚያ በኋላም ሙዚቃው አለቀ ሲሉት እንደገና እየተነሣ አልቋጭ ይላል። ፍራንትዝ ራይዘንስታይን ደግሞ የፒያኖ ኮንሰርቶ አቀረበ። ኦርኬስትራው የቻይኮቭስኪን፣ ፒያኖ ተጫዋቿ ኢቮን አርኖ የግሪግን እንደሚጫወቱ አምነው ይነሣሉ፤ ማንም ለማንም አይሸነፍም። ሁለቱን ድርሰቶች የማያውቅ ሰው ጭቅጭቁን እንጂ ቀልዱን አይሰማም፤ ሰሙ ደርሶት ወርቁ ያመልጠዋል።

ራይዘንስታይንም በ1934 ዓ.ም. ከጀርመን የወጣ ስደተኛ ነበር። የትውልድ አገራቸው ያባረረቻቸው እነዚህ ሰዎች፣ በልጅነታቸው የተማሩትን ሙዚቃ ለቀልድ ሲያውሉት ሥራውን የንቀት ወይም የበቀል አድርጎ መተርጐም ቀላል ነው፤ ስሕተትም ነው። የናቀውን ነገር እንዲህ በዝርዝር የሚያጠና የለም። በ1958 ዓ.ም. በተደረገው ሁለተኛው ኮንሰርት የአዲሱን ዘመን ሙዚቃ እየኮረጀ ያሳቀው ሃምፍሪ ሰርልም፣ ከአዲሱ ሙዚቃ ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ የነበረው የአንቶን ቬበርን ደቀ መዝሙር ነበር።

በሸክላው ላይ ከሙዚቃው ቀድሞ ሣቅ የሚፈነዳባቸው ቦታዎች አሉ። ሕዝቡ ያየውን፣ ሸክላ ሰሚው አላየውምና በግምት ይከተላል። ይህን ጉድለት የሚነቅፉ አሉ፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ከተሠራ የስቱዲዮ ቅጂ ይልቅ አንድን ምሽት አምኖ የሚመሰክር እንዲህ ያለው ነው።

ከዚያ ምሽት ከተገኙት አንዱ በዘመኑ የቀንድ ጥሩምባ ተጫዋቾች አቻ ያልነበረው ዴኒስ ብሬይን ነው። ሊዮፖልድ ሞዛርት ለእረኛ ረጅም ቀንድ የደረሰውን ሙዚቃ ብሬይን በአትክልት ማጠጫ ጎማ ነፋው። ጎማ መክፈቻና መዝጊያ ቁልፍ የለውም፤ ድምፁን የሚለውጠው የነፊው ከንፈርና ትንፋሽ ብቻ ነው። ሕዝቡ ሲያይ ሣቀ፤ ዜማው ግን ቅኝቱን ሳይስት ወጣ። ብሬይን ከዚህ በኋላ ዓመት አልሞላውም፤ በመስከረም 1957 ዓ.ም. ከኤዲንብራ ወደ ለንደን በሌሊት ሲመለስ በመኪና አደጋ በ36 ዓመቱ ሞተ። ሆፍኑንግም በ1959 ዓ.ም. በ34 ዓመቱ አረፈ። ሦስተኛውን ኮንሰርት በ1961 ዓ.ም. ያለ እርሱ አደረጉለት።

ብሬይን በ1953 ዓ.ም. ከካራያን ጋር የቀረጸው የሞዛርት የቀንድ ኮንሰርቶዎች ሸክላ ዛሬም ለተማሪዎች አርአያ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የጎማውን ሸክላ የሚያስቀምጥ ሰው፣ ያንኑ ትንፋሽ ወዲያው ይለየዋል።