ጠበሉና ኢንሱሊኑ፤ ከእንጦጦ ሥር ሆነን ያየነው

ሽሮ ሜዳ ባለው ቤታችን የፍሪጁ በር ላይ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ የኢንሱሊን ብልቃጥ ነው፤ ሌላው ጠበል የተሞላ ሃይላንድ። ብልቃጡን ከታች ከመድኃኒት ቤት፣ ሃይላንዱን ከላይ ከተራራው እናመጣለን። ፍሪጁ ሲከፈት ያየ እንግዳ አንዳንዱ ‹‹እምነት የላችሁም እንዴ?›› ይለናል። አንዳንዱ ደግሞ ‹‹እናንተ ተማርን ትሉ የለም ወይ?›› ይላል። ሁለቱም አንዱን አውጥተን እንድንጥል ይፈልጋሉ።

‹‹እኛ›› ስንል ስኳር ያለባትን የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊና ቤተሰቧን ማለታችን ነው። መርፌውን የምትወጋው አንዷ ብትሆንም ስኳር የሚገባው ቤት ውስጥ ነው። ምሳው፣ እንቅልፉ፣ የወር ወጪው ሁሉ በእሱ ይሰላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዱን አውጥተን ጥለን ነበር። ስሙን የማንጠቅሰው ጠበል ቦታ ሱባዔ ገብተን ሳለ አንድ ሰው ‹‹ጠበልና መርፌ አብረው አይሄዱም፤ ምረጡ›› አለን። መርፌውን ተውነው። በሁለተኛው ቀን ማስታወክ ጀመርን፤ ትንፋሻችን የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸት ጀመር። በሦስተኛው ቀን የነቃነው ሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። የእኛ ስኳር ‹‹ዓይነት አንድ›› የሚባለው ነው፤ ቆሽት ኢንሱሊን አይሠራም። መርፌው ሲቋረጥ ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምራል፤ ደሙ በአሲድ ይመረዛል፤ ካልታከመ በቀናት ውስጥ ይገድላል። እማዬ ያን ሌሊት ያለቀሰችው ለቅሶ እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም።

ዓመት ቆይቶ ጓደኞቻችን ‹‹ኢነርጂ ሂሊንግ›› የሚባል ነገር ወዳለበት አዳራሽ ወሰዱን። ሻማ በርቷል፣ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ተከፍቷል። አሠልጣኙ መዳፉን ሳያስነካን ከሆዳችን በላይ ዘርግቶ ‹‹የቆሽታችሁ ኃይል ተዘግቷል፤ ሲከፈት መርፌው አያስፈልጋችሁም። ከአሁኑ መጠኑን እየቀነሳችሁ ሂዱ›› አለን። የቋንቋው ነገር ነው እንጂ ትእዛዙ ያው የሱባዔው ትእዛዝ ነበር። ለመሆኑ ይህ ‹‹ምረጡ›› የሚባል ነገር ከየት መጣ? የምንኖርበት ተራራ ታሪክስ ምን ይላል? ብለን መጠየቅ የጀመርነው ያኔ ነው።

ውኃ የወለዳት ከተማ

አዲስ አበባ ራሷ የመታከሚያ ውኃ ልጅ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምኒልክ መቀመጫቸው ቀዝቃዛው እንጦጦ ላይ ነበር፤ በ1882 ዓ.ም. የነገሡትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ነገር ግን ቤተ መንግሥቱ ለመታጠብና ለመታከም እየወረደ ድንኳን የሚተክለው ኦሮሞዎች ፊንፊኔ ይሉት በነበረው ፍልውኃ ዘንድ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፤ ቤት አሠሩበት፤ ‹‹አዲስ አበባ›› አሉት። መኳንንቱም እየተከተሉ ወረዱ። ከተማችን የተቆረቆረችው ሰው ለሚያመው ገላው ሙቅ ውኃ ፍለጋ በወረደበት ቦታ ነው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። በፍልውኃ የሚታከሙት ምኒልክ የውጭ ሐኪም ያልናቁ ምኒልክ ናቸው። ከዐድዋ ማግስት በ1888 ዓ.ም. የመጣውን የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ተቀብለዋል፤ የጓድሎፕ ተወላጁን ዶክተር ጆሴፍ ቪታሊያንን የግል ሐኪማቸው አድርገዋል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሕመሙ ሲጸናባቸው ደግሞ ለጠበል ደብረ ሊባኖስ ሄደዋል። አልጋቸው ዙሪያ ካህንም ሐኪምም ነበር። በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሁለቱም አላዳኗቸውም። ይሁንና ንጉሠ ነገሥቱን ‹‹ወይ ሐኪሙ ወይ ጠበሉ›› ብሎ ያስጨነቃቸው ሰው አናውቅም።

ላቦራቶሪው ከታች፣ ጠበሉ ከላይ

የተራራው ግርጌ ጉለሌ ነው፤ ስሙን ያገኘው በአካባቢው ይኖሩ ከነበሩት የጉለሌ ኦሮሞዎች ነው። ከዚህ ሰፈር የበለጠ ሕክምናና ጠበል የተጎራበቱበት ቦታ ከተማው ውስጥ ያለ አይመስለንም። ክትባት ይሠራበት የነበረው የፓስተር ተቋም ስሙን ለሰፈሩ ትቶ አልፏል፤ ‹‹ፓስተር›› ብለን ታክሲ የምንጠራው እሱን ነው። ዛሬ በጉለሌ ያለው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የባህል መድኃኒት የሚያጠና ክፍልም ነበረው። ጳውሎስ ሆስፒታልም እዚያው ነው። ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል አለ፤ ለብዙ ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መተኛ የነበረ። መድኃኒት ለተላመደው ቲቢ በአገራችን ሕክምና የተጀመረው በዚሁ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። መድኃኒቱ ያኔ እስከ ሁለት ዓመት ይወሰድ ነበር። ከዚያ ጥቂት ከፍ ሲባል የእንጦጦ ማርያምና የኪዳነ ምሕረት ጠበሎች ናቸው። አንድ ዳገት የሚወጡ ሕሙማን ናቸው፤ ልዩነቱ ከታክሲ የሚወርዱበት ቦታ ብቻ ነው።

‹‹ምረጡ›› የሚለው ቃል በዚህ ዳገት ላይ ገኖ የተሰማው በኤድስ ዘመን ነው። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በአገራችን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ረጅም ዓመታት ሐኪም ቤት ለሕመምተኛው ሊሰጠው የሚችለው ምርመራና ስሙን ብቻ ነበር። አከራይ ያስወጣዋል፣ ቤተሰብ ሰሃን ይለይበታል። እንጦጦ ማርያም ግን ትቀበለዋለች። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የጭቃ ክፍል ተከራዩ። ገና ሳይነጋ በብርድ ተሰልፈው ይጠመቃሉ፣ በጆግ ይጠጣሉ፣ እምነት ይቀባሉ፣ ቆሎ ይካፈላሉ። ‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም›› ይባላል። እነዚህ ሰዎች ግን በሽታቸውን ሳይደብቁ የሚኖሩበትን ቦታ ያገኙት መድኃኒቱ ገና ሳይመጣ ነው።

ከዚያ መድኃኒቱ መጣ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በክፍያ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003፣ በነጻ መታደል የጀመረው ደግሞ በጥር 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) ነው። መድኃኒቱ በዕድሜ ልክ የሚወሰድ፣ ሰዓት የማይስት፣ ሲያቋርጡት ቫይረሱ የሚላመደው ነው። ጭንቁም እዚህ ላይ መጣ። ለዓመታት ‹‹የዳንኩት በጠበል ነው›› ብሎ የኖረ ሰው፣ ኪኒን መዋጥ እምነቱን መካድ መሰለው። ‹‹ኪኒን የያዘ አይጠመቅ›› የሚሉም ነበሩ። ጀምረው የተዉ፣ ደብቀው የዋጡ፣ ሳይጀምሩ የሞቱ ነበሩ። ውኃው ማንንም አልገደለም። የገደለው ከውኃው ጋር አብሮ የተሰጠው ትእዛዝ ነው።

ይህን ትእዛዝ የሰበረው ከዚያው ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ምእመናንም ሁለቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናገሩ። ለሕመምተኛው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው መቶ ጊዜ ቢነግረው የማይሰማውን፣ መስቀል የያዘ አባት አንድ ጊዜ ነገረው። ኪኒናቸውን በጠበል የሚውጡ ሰዎች የመጡት እንዲህ ነው።

1914 ዓ.ም. እና ሁለቱ ፈውሶች

የሻማው አዳራሽ ነገርስ? እሱም ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ከእኛ ብልቃጥ ጋር የአንድ ዓመት ልጅ ነው።

በጥር 1914 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1922) በካናዳ ቶሮንቶ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ በስኳር ሊሞት ተቃርቦ ነበር። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጋው እሱ ነው። የመጀመሪያው መርፌ በደንብ ያልተጣራ ስለነበር አልሠራም፤ በተጣራው ግን ዳነ፤ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። በዚያው በ1914 ዓ.ም. በጃፓን ቶኪዮ ሚካኦ ኡሱይ ‹‹ሬኪ›› የተባለውን በእጅ መፈወስ የሚያስተምር ማኅበር አቋቋመ። ተከታዮቹ እንደሚተርኩት ጥበቡ የተገለጠለት ከኪዮቶ በስተ ሰሜን ባለ ኩራማ በተባለ ተራራ ላይ 21 ቀን ጾሞ ነው። ሃያ አንድ ቀን! ሦስት ሱባዔ መሆኑ ነው። ከከተማ በስተ ሰሜን ያለ ተራራ፣ ጾም፣ ዝምታ፣ ከዚያ ፈውስ። ‹‹የፈረንጅ ነገር›› ብለን የሄድንበት አዳራሽ ለካ የሌላ ሕዝብ እንጦጦ ነው።

ታዲያ ከመዳፍ የሚወጣው ‹‹ኃይል›› ተፈትኗል ወይ? አዎ፤ የፈተነችው ደግሞ ሕፃን ልጅ ናት። አሜሪካዊቷ ኤሚሊ ሮዛ በ9 ዓመቷ ለትምህርት ቤት ሥራ፣ የሰውን ኃይል በእጃችን እንሰማለን የሚሉ 21 ባለሙያዎችን በመጋረጃ ጀርባ እጃቸውን እንዲዘረጉ አደረገች። የራሷን እጅ ከሁለቱ በአንደኛው እጃቸው አጠገብ እያደረገች ‹‹የትኛው ነው?›› ስትል ጠየቀች። ከ280 ሙከራ 123ቱን ብቻ አወቁ፤ 44 በመቶ መሆኑ ነው። ሳንቲም ቢያጋጩ ከዚህ የተሻለ ያገኙ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ታትሟል።

ሜዲቴሽን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት ዚን በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል፣ ሐኪሞች ከሕመማቸው ሊያላቅቋቸው ላልቻሉ ሰዎች ተቀምጦ ትንፋሽን የመከታተል ሥልጠና ጀመረ። ለሕሙማኑ የተነገራቸው ‹‹ትድናላችሁ›› ተብሎ አልነበረም፤ ከሕመማችሁ ጋር መኖርን ትለማመዳላችሁ ተብሎ ነው። የምርምሩም ውጤት በአብዛኛው ይህንኑ ያህል ነው፤ ጭንቀትን ያቀላል፣ የሕመምን ጫና በመጠኑ ይቀንሳል፣ ኢንሱሊን ግን አይሠራም። ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎችም አዲስ አይደለም። አርምሞ፣ ተመስጦ፣ ሱባዔ የሚሉ ቃላት ከገዳማቱ የወረስናቸው ናቸው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

የማይድን ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒት ብቻ አይበቃውም። ሐኪሙ አሥር ደቂቃ ያየናል፤ ወረፋው ረጅም ነው፤ አንፈርድበትም። ጠበል ቦታው ግን ቀኑን ሙሉ ይሰጠናል። ዝምታ አለ፣ ‹‹ዛሬስ እንዴት አደርሽ?›› የሚል አለ፣ በሕመማችን የማይጸየፈን እጅ አለ። የሻማው አዳራሽም ከዚህ የተወሰነውን ሰጥቶናል፤ መካድ አንፈልግም። ሰው ወደዚያ የሚሄደው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ሕመም ብቸኛ ስለሚያደርግ ነው።

ስለዚህ አሁን አዲስ ቦታ ስንሄድ፣ የሚያጠምቁ አባትም ይሁኑ ሥልጠና የሚሰጥ ባለሙያ፣ በቅድሚያ አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን፦ ‹‹መድኃኒታችንን እንቀጥል?›› የሚፈራ ወይም የሚቆጣ ካለ አመስግነን እንወጣለን። የንስሐ አባታችን ሲመልሱልን ጥያቄያችን እንኳ ገርሟቸው ነበር። ‹‹ልጄ፣ ውኃውን የፈጠረ ሐኪሙን አልፈጠረም? ወግተሽ ነይ፣ ቁርስሽንም ብዪ፤ ለታመመ ጾም አይፈረድበትም›› አሉን።

አሁን ጠዋት 11 ሰዓት እንነሳለን። ጣታችንን ወግተን ስኳራችንን እንለካለን፤ ኢንሱሊኑን እንወጋለን፤ ቁርስ እንቀምሳለን። ከዚያ እማዬና እኛ ባዶ ሃይላንድና ለድንገቱ ሁለት ከረሜላ ይዘን ዳገቱን እንወጣለን። ከተጠመቅን በኋላ ከባሕር ዛፉ ሥር ትንሽ ዝም ብለን እንቀመጣለን። በዚያ ሰዓት አንዳንዴ አጠገባችን ያለ ሰው ስልክ ይጮኻል። ባለስልኩ ከኪሱ ኪኒን አውጥቶ በጆጉ ጠበል ይውጣል። እኛም ፈገግ ብለን ከረሜላችንን በኪሳችን እንዳብሳለን።