ከሞት ካሣ ወደ ሕክምና ወጪ፤ የእንስሳት መድን አካሄድ

በእንስሳት ላይ የመድን ውል መዋዋል የተጀመረው ለእንስሳቱ በመራራት አልነበረም። ዛሬ አግሪያ በሚል ስም የሚታወቀው የስዊድን ኩባንያ በ1890 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲመሠረት ዓላማው የፈረስና የከብት ባለቤቶችን ንብረት መጠበቅ ነበር። ፈረስ የሞተበት ገበሬ የሚያጣው የእርሻውን ጉልበት ስለሆነ፣ በዘመኑ የነበረው የከብት መድን በአመዛኙ የሚጠይቀው እንስሳው ሞቷል ወይስ አልሞተም የሚለውን ብቻ ነበር። የጥያቄው ቀላልነት ለሒሳብ ይመቻል። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው፤ ለሞት ብቻ በሚከፍል ውል ውስጥ የሞተ ፈረስ ከታመመ ፈረስ የበለጠ ዋጋ ያወጣል።

በ1924 በዚያው በስዊድን ውሻ መድን ተገባለት፤ በ1947 ብሪታንያ ተከተለች። እርምጃው ትንሽ ቢመስልም የአሮጌውን ውል መሠረት የሚያናጋ ነበር። ውሻ እንደ በሬ አያርስም፤ ብዙውን ጊዜም የገበያ ዋጋ የለውም። በሌላ በኩል ራጅ፣ ማደንዘዣና ቀዶ ሕክምና ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሲገቡ፣ የአንድ የተሰበረ እግር ጥገና ከውሻው ዋጋ ብዙ እጥፍ ሊሆን ቻለ። ሊድን የሚችለው እንስሳ ባለቤቱ መክፈል ስላልቻለ ብቻ በመርፌ እንዲሞት የሚወሰንበት ጊዜ መጣ። ስለዚህ ውሉ መመዘን የነበረበት የሞትን ኪሣራ ሳይሆን የሐኪሙን ሒሳብ ነው።

በአሜሪካ ይህን ችግር አንስተው በ1980 ኩባንያ ያቋቋሙት የእንስሳት ሐኪሞች ራሳቸው ናቸው። የመጀመሪያውን ውል በ1982 የሰጡት በቴሌቪዥን ላሲን ሆኖ ለሚጫወተው ውሻ ነበር። ብልህ ማስታወቂያ ነው፤ ሆኖም የታወቀ ውሻ መድን መግባቱ ለተራው ባለቤት ምርጫውን አላቀለለትም።

ምርጫው የሚከብደው አረቦኑ ስለሚታይና የቀረው ስለሚደበቅ ነው። በስዊድን በተለመደው አሠራር ባለቤቱ በመጀመሪያ የተወሰነ ገንዘብ፣ ከዚያም ከቀሪው ሒሳብ ላይ በመቶኛ የተቆረጠውን ከኪሱ ይከፍላል፤ መድኑ የሚሸፍነውም እስከ ዓመታዊው ጣሪያ ድረስ ነው። ከውሉ በፊት የጀመረ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ አይካተትም። ስለሆነም አረቦኑ ርካሽ የሆነ ውል ከባድ ቀዶ ሕክምና በሚያስፈልግበት ቀን እጅግ ውድ ሊሆን ይችላል። ትንንሽ ወጪዎችን ራሱ ችሎ ከፍ ያለ ጣሪያ ያለውን ውል የሚገዛ ሰው የመድንን ትርጉም በትክክል ተረድቷል ማለት ይቻላል።

ከሞት ወደ ሕይወት የተደረገው ይህ ሽግግር በአርብቶ አደሩም አካባቢ ታይቷል። በኬንያ ማርሳቢት በ2010፣ በቦረና ደግሞ በ2012 የተጀመረው የከብት መድን የግጦሹን ልምላሜ በሳተላይት ይለካል፤ ገምጋሚ በየበረቱ እየዞረ ሬሳ መቁጠር አያስፈልገውም። የማርሳቢቱ የመጀመሪያ ውል የታሰበው ያለቁትን ከብቶች ለመተካት ነበር። በኋላ ግን ክፍያው ቀድሞ ደርሶ መኖ፣ ውሃና መድኃኒት እንዲገዛበት አሠራሩ ተሻሻለ። መሣሪያው የሚያየው ሣሩን እንጂ ላሟን አይደለም፤ በለመለመ ዓመት በበሽታ የምትሞት ላም ዛሬም ከዚህ ውል ውጭ ናት።