«ትናንት ምን በላህ?»፡ በአንድ ማዕድ ዙሪያ የተሠራው የጃፓን ድራማ

«ትናንት ምን በላህ?» (በጃፓንኛ «ኪኖ ናኒ ታቤታ?») በቶኪዮ ከተማ በአንድ አፓርታማ ውስጥ አብረው የሚኖሩ ሁለት ወንድ ፍቅረኛሞችን የዕለት ተዕለት ኑሮ የሚያሳይ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል እስከ ጁን 2019 በቲቪ ቶኪዮ ጣቢያ፣ ዓርብ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ 12 ክፍሎች ነበሩት። ከዚያ ወዲህ በ2020 የአዲስ ዓመት ልዩ ዝግጅት፣ በ2021 ፊልም፣ በ2023 ደግሞ ሁለተኛ ምዕራፍ ተከትለውታል።

በድራማው ውስጥ ግድያ የለም፤ ክህደትም ሆነ የተደበቀ ሀብት የለም። የየክፍሉ አካሄድ ተመሳሳይ ነው ለማለት ይቻላል። አንደኛው ከሥራ ወጥቶ ይሸምታል፣ ያበስላል፤ ከዚያ ሁለቱ ጠረጴዛ ከበው እየበሉ ስለ ውሏቸው ያወራሉ። ለመሆኑ ይህን የመሰለ ታሪክ ተመልካቹን አስሮ የያዘው በምንድን ነው? ምላሹ ከገበታው ጀርባ ካሉት ጥያቄዎች ይገኛል። ሕግ ባልና ሚስት ብሎ የማይመዘግባቸው ሁለት ሰዎች አብረው ሲያረጁ ማን ማንን ይጦራል? ማን ማንን ይወርሳል? የበዓል ቀን ከማን ቤተሰብ ጋር ይቀመጣሉ?

መነሻው

ድራማው የተወሰደው ዮሺናጋ ፉሚ ከተባለች ደራሲና ሠዓሊ ማንጋ ነው። ማንጋ ጃፓኖች በሥዕልና በአጭር ንግግር የሚያቀርቡት የታሪክ መጽሐፍ ሲሆን፣ በአገሪቱ ሕፃን አዋቂ ሳይል ሁሉም ያነበዋል። የዮሺናጋ ሥራ ከ2007 ጀምሮ ኮዳንሻ የተባለው አሳታሚ በሚያወጣው «ሞርኒንግ» መጽሔት ላይ በተከታታይ ሲወጣ ቆይቶ፣ በመጽሐፍ መልክ ከ20 በላይ ቅጾች ደርሷል። በ2019 ደግሞ የኮዳንሻን የማንጋ ሽልማት አግኝቷል። «ሞርኒንግ» በዋነኛነት ለጎልማሳ ወንዶች የሚዘጋጅ መጽሔት ነው። ስለዚህ ታሪኩ ከመጀመሪያው የቀረበው ለጥቂት ወዳጆቹ ብቻ ሳይሆን ከቢሮ ወደ ቤት በባቡር ለሚመላለሰው ተራ አንባቢ ጭምር ነው።

ማንጋውን ለየት የሚያደርገው ሌላው ነገር ባለታሪኮቹ ከአንባቢው ጋር እኩል ማርጀታቸው ነው። ሲጀመር የ43 ዓመት ጎልማሳ የነበረው ባለታሪክ፣ ዓመታት ባለፉ ቁጥር መነጽር ይፈልጋል፣ ኮሌስትሮሉን ይቆጣጠራል፣ የወላጆቹ እርጅና ያሳስበዋል።

ለቴሌቪዥን ጽሑፉን ያዘጋጀችው አዳቺ ናኦኮ ናት። ዋናውን ባለታሪክ ካኬይ ሺሮን የሚጫወተው ኒሺጂማ ሂዴቶሺ ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ ይበልጥ የሚታወቀው በ2022 የኦስካርን የምርጥ ዓለም አቀፍ ፊልም ሽልማት ባገኘው «ድራይቭ ማይ ካር» ነው። የያቡኪ ኬንጂን ገጸ ባሕርይ የያዘው ኡቺኖ ሴይዮ ነው። የሺሮን እናት የምትጫወተው ካጂ ሜይኮ ደግሞ በ1970ዎቹ በበቀል ፊልሞች ዝነኛ የነበረች ተዋናይ ናት።

ሁለት የማይመሳሰሉ ሰዎች

ሺሮ ጠበቃ ነው። ይሁን እንጂ ፊልሞች እንደለመዱት ዓይነት ፍርድ ቤት የሚያንቀጠቅጥ ጠበቃ አይደለም። በትንሽ ቢሮ ተቀጥሮ የሚሠራው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ወጥቶ ወደ ሱፐርማርኬት ለመሄድ እንዲመቸው ነው። በቢሮው ውስጥ የግል ሕይወቱን የሚያውቅ የለም፤ እንዲያውቁበትም አይፈልግም። ኬንጂ ግን የጸጉር ባለሙያ ነው። ተጫዋች፣ ሆደ ባሻ፣ በሥራ ቦታው ማንነቱን ያልደበቀ ሰው ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ግጭት የሚነሳውም ከዚሁ ልዩነት ነው። ኬንጂ ጠበቃ ፍቅረኛ እንዳለው ለደንበኛው ያወራል። ሺሮ ይህን ሲያውቅ ይቆጣል። የኬንጂ ጥያቄ ቀላል ነው። ሌላው የፀጉር ቤት ሠራተኛ ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ ሲያወራ፣ እኔ አብሬው ስለምኖረው ሰው የማላወራው ለምንድን ነው? ሺሮ ለዚህ መልስ የለውም። ድራማውም መልስ አይሰጥለትም፤ ጥያቄውን ይዞ ወደ እራት ይሄዳል። በዚያ ክፍል ከቀረቡት ምግቦች አንዱ ሳልመን፣ የበርዶክ ሥርና እንጉዳይ ተጨምሮበት የበሰለ ሩዝ ነው።

የወር አስቤዛ

የሁለቱ የወር የምግብ ወጪ በ25,000 የን የተወሰነ ነው። ሺሮ ይህን ሒሳብ እንደ ሕግ ያከብረዋል። የቅናሽ ማስታወቂያ ይከታተላል፣ ደረሰኝ ይሰበስባል፤ ኬንጂ በሱፐርማርኬት በርካሽ የሚገኘውን አይስክሬም በየመንገዱ ካሉት ሱቆች በሙሉ ዋጋ ገዝቶ ሲገባ ያኮርፋል።

ይህ ስስት ይመስላል፤ ግን አይደለም። ልጅ እንደማይኖረው የሚያውቅ ሰው የእርጅና ጊዜውን የሚያስብበት መንገድ ነው። በሺሮ አእምሮ ውስጥ ከአንድ ጥቅል ጎመን ላይ የተረፈችው ሳንቲም ነገ የሁለቱ መጦሪያ ናት። የቁጠባውን ምክንያት የተረዳ ተመልካች ቀደም ሲል ያሳቀውን የሺሮን ገበያ በሌላ ዓይን ያየዋል።

አብሳዩ ሺሮ እንጂ ኬንጂ አለመሆኑም ልብ ይሏል። ወጥ ቤቱን የያዘው፣ ሆነ ብሎ ስሜቱን የሚያፍነው፣ «እወድሃለሁ» ማለት የሚከብደው ሰው ነው። ኬንጂ ደግሞ የቀረበለትን እያጣጣመ ያመሰግናል፤ የምግቡን ጣዕም አንድ በአንድ ይዘረዝራል። በዚህ ቤት ውስጥ ፍቅር የሚነገረው በዚህ ቅብብል ነው። ኬንጂ ብቻውን ሲሆን የሚሠራው ሌላ ነገር ነው። ሺሮ ለአዲስ ዓመት ወላጆቹ ዘንድ ሲሄድ ኬንጂ ቤት ይቀራል፤ በፓኬት የሚሸጠውን ፈጣን ኑድል (እኛ አገር ኢንዶሚ የሚባለውን ዓይነት) አትክልት ጨምሮበት ቀቅሎ ይበላል። ትዕይንቱ ለቅሶ የለበትም፤ ብቸኝነቱ ግን ከጎድጓዳ ሳህኑ ላይ ይነበባል።

ግማሽ ሐብሐብ

በተመልካቾች ዘንድ ከሚወደዱት ትዕይንቶች አንዱ የሐብሐቡ ነው። ሺሮ በሱፐርማርኬት አንድ ትልቅ ሐብሐብ በጥሩ ዋጋ ያገኛል፤ ለሁለት ሰው ግን ይበዛል። አጠገቡ ያለች ካዮኮ የተባለች የቤት እመቤትም በዚያው ሐሳብ ላይ ናት። ለሁለት ሊካፈሉ ይስማሙና ለመቁረጥ ወደ ቤቷ ይሄዳሉ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ካዮኮ የማታውቀውን ወንድ ቤቷ ማስገባቷ ድንገት ትዝ ይላትና ትደነግጣለች። ሺሮም ከእሷ ባልተናነሰ ደንግጦ፣ ሴት የማይፈልግ ሰው መሆኑን ይናገራል።

ለዓመታት አብረውት ለሠሩት የቢሮ ባልደረቦቹ ያልነገረውን ነገር ለማያውቃት ሴት በወጥ ቤቷ ውስጥ ነገራት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ካዮኮና ቤተሰቧ የልብ ወዳጆቹ ይሆናሉ፤ በጅምላ የተገዛ አትክልት እየተካፈሉ፣ የአሠራር ዘዴ እየተለዋወጡ ይዘልቃሉ። ይህ ጉርብትና በድራማው ውስጥ ከማንኛውም ንግግር በላይ ሺሮን የሚለውጠው ነገር ነው።

ወላጆች

የሺሮ አባትና እናት ልጃቸው ወንድ እንደሚወድ ያውቃሉ። እናቱ አልጣሉትም፤ ይልቁንም ከሚገባው በላይ ይጨነቁለታል። ልጃቸው ወንድ የሚወድም ቢሆን፣ ወንጀለኛም ቢሆን እንደሚቀበሉት ይነግሩታል። እናት ይህን የሚሉት በቅንነት ነው። ሺሮ ግን በእናቱ ዓይን የእሱ ፍቅርና ወንጀል በአንድ ረድፍ መቀመጣቸውን ሰምቶ ዝም ይላል። ድራማው በወላጆቹ ላይ አይፈርድም፤ ዝምታውንም አይሸፍንም።

ወደ ምዕራፉ ማብቂያ ላይ ሺሮ ኬንጂን ለአዲስ ዓመት ወደ ወላጆቹ ቤት ይወስደዋል። በጃፓን አዲስ ዓመት ቤተሰብ የሚሰበሰብበት ትልቁ በዓል በመሆኑ ግብዣው ቀላል አይደለም። ሲመለሱ ኬንጂ በደስታ እያለቀሰ አሁን ቢሞት እንደማይቆጨው ይናገራል። ሺሮ ስለ ሞት እንዳያወራ ይገሥጸውና ዘይቱንና ስኳሩን ቀንሰው፣ ጨው አሳንሰው፣ አብረው ረጅም ዕድሜ መኖር እንዳለባቸው ይነግረዋል። ከሺሮ አፍ ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል አይጠበቅም።

የሕጉ ነገር

ይህ ታሪክ የቆመበትን መሬት ለማወቅ የጃፓንን ሕግ መመልከት ያስፈልጋል። የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ በአገሪቱ ሕጋዊ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 24 ጋብቻ በሁለቱም ፆታዎች ስምምነት ላይ ይመሠረታል የሚል ሲሆን፣ የዚህ አነጋገር ትርጉም ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል።

በድራማው ውስጥ ሺሮን የሚያማክሩ ሌሎች ጥንዶች አሉ። ከሁለቱ አንደኛው ያፈራው ሀብት ከሞተ በኋላ ለወላጆቹ እንዳይደርስ፣ ሙሉ በሙሉ ለፍቅረኛው እንዲተላለፍ ይፈልጋል። ኑዛዜ ብቻውን ለዚህ አይበቃም። በጃፓን ሕግ ሚስትና ልጅ የሌለው ሰው ሲሞት ወላጆቹ ከውርሱ አንድ ሦስተኛ የሚሆን የማይነካ ድርሻ ሊጠይቁ ይችላሉ። መፍትሔ ተደርጎ የሚወሰደው ጉዲፈቻ ነው። ሕጉ አዋቂን በጉዲፈቻ መውሰድ ስለሚፈቅድ፣ በዕድሜ የሚበልጠው ታናሹን «ልጄ» ብሎ ያስመዘግበዋል። ልጅ ካለ ወላጅ አይወርስም። ሆኖም መንገዱ ሌላ እሾህ አለበት፤ በጉዲፈቻ ወላጅና ልጅ የነበሩ ሰዎች ጉዲፈቻው ቢፈርስም እንኳ ሊጋቡ አይችሉም። ጋብቻው አንድ ቀን ቢፈቀድ በሩ ለእነሱ ይዘጋል ማለት ነው።

ከ2015 ወዲህ አንዳንድ ለውጦች አሉ። በዚያ ዓመት የቶኪዮዎቹ ሺቡያና ሴታጋያ ወረዳዎች ለተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች የአጋርነት ማረጋገጫ መስጠት ጀመሩ፤ የቶኪዮ አስተዳደር ራሱ በኖቬምበር 2022 ተከተለ። ማረጋገጫው ለቤት ኪራይና ለሆስፒታል ጉብኝት ሊረዳ ይችላል፤ ውርስ ግን አያስገኝም። በ2021 የሳፖሮ ፍርድ ቤት ጥንዶቹን ከጋብቻ ጥቅሞች ማግለል ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ሲል የመጀመሪያውን ውሳኔ ሰጠ። ከማርች 2024 እስከ ማርች 2025 ባለው ጊዜ የሳፖሮ፣ የቶኪዮ፣ የፉኩኦካ፣ የናጎያና የኦሳካ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች በተመሳሳይ አቅጣጫ ወስነዋል። በኖቬምበር 2025 ግን የቶኪዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሌላ መዝገብ የአሁኑ ሕግ ሕገ መንግሥቱን አይጻረርም ብሏል። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው።

ፊልሙና ሁለተኛው ምዕራፍ

በናካኤ ካዙሂቶ ዳይሬክተርነት የተሠራው ፊልም በኖቬምበር 2021 ለእይታ ሲበቃ፣ የአዲስ ዓመቱ ግብዣ ያስከተለውን ያነሳል። ሺሮ ለኬንጂ ልደት ብሎ ወደ ኪዮቶ ጉዞ ይጋብዘዋል። ኬንጂ ከወትሮው የተለየው ደግነት ያስፈራዋል፤ ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም። የሺሮ ወላጆች ለሚቀጥለው አዲስ ዓመት ኬንጂን ይዞ እንዳይመጣ ነግረውታል። በሩ አንዴ ስለተከፈተ ተከፍቶ ይቀራል ማለት እንዳልሆነ ፊልሙ ያሳያል።

ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር 2023 የታየው ሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ በኑሮ ውድነት ይጀምራል። ሺሮ ለዓመታት ያስከበረው 25,000 የን ከእንግዲህ አይበቃም። ባለታሪኮቹ ወደ 50ዎቹ ዕድሜ ገብተዋል፤ ንግግራቸውም ስለ ጤና፣ ስለ ወላጆች መጦሪያና ስለ ራሳቸው ነገ ሆኗል።

ድራማው የማያነሳቸው ጉዳዮች አሉ። ሁለቱም ሥራ ያላቸው፣ በትልቅ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ሰልፍ አይወጡም፤ ሕጉ እንዲለወጥ ሲጠይቁም አይታዩም። በአንጻሩ ግን የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲያበቃ፣ ከኬንጂ ጋር በሻይ ቤት አብሮ መታየት ያስጨንቀው የነበረው ሺሮ በሰው መካከል ከእሱ ጋር ተቀምጦ ይታያል። ምንም የተለየ ነገር አያደርጉም። ሻይ ቤቱም አይናወጥም። ከዚያ ተነስተው፣ ለእራት የሚሆነውን አስቤዛ ለመግዛት ይሄዳሉ።