ግቢው ይለያያል፣ ነደባው አንድ ነው

ከሐኪም ጋራ ላይ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ጀጎል የተዘበራረቀ ይመስላል። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ አንዱ ግቢ ጠባብ ነው፣ ሌላው ሰፊ፣ አንዱ ግንቡ ላይ ተለጥፏል፣ ሌላው ተዳፋት ላይ ተንጠልጥሏል። ውስጥ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። በባሕላዊው የሐረሪ ቤት፣ በጌይ ጋር ዋና ክፍል ውስጥ አምስት ነደባ አለ። አሚር ነደባ የአባወራው ነው፤ ሌሎቹም እያንዳንዳቸው የታወቀ ቦታና ተቀማጭ አላቸው። ከሸዋ በር ሰፈር የመጣ እንግዳ ኤረር በር አካባቢ ያለ ቤት ቢገባ የት እንደሚቀመጥ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

ስለ ቤት አሠራር ልጽፍ አይደለም። የምጽፈው አዲስ አበባ ላይ ደህና ሲሠራ የከረመ የቢሮ ሲስተም ሌላ ከተማ ሌላ ሰርቨር ላይ ሲጫን ለምን «አልነሣም» እንደሚል ነው። የኮምፒውተሩ ዓለም የነደባን ጥበብ ለማግኘት ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል፤ እኛም ዋጋውን ከፍለናል፣ አሁንም እየከፈልን ነው።

ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1993 ይጀምራል። በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ያለው ኤንሲኤስኤ የተባለ ማዕከል ሲጂአይ የሚባል ስምምነት አወጣ። ዌብ ሰርቨሩ የተጠየቀውን ለአንድ ፕሮግራም ያቀብላል፣ ፕሮግራሙ መልሱን ገጽ አድርጎ ይመልሳል። በ1995 አፓቺ መጣና ገበያውን ያዘ። ስምምነቱ ግን ሁለቱ እንዴት እንደሚነጋገሩ እንጂ ፕሮግራሙ የት እንደሚቀመጥ፣ በማን ስም እንደሚሠራ፣ የይለፍ ቃሉ የት እንደሚጻፍ አልተናገረም። ጣጣው ሁሉ የተወለደው ካልተነገረው ነው።

ዴቢያን የተባለው ሊኑክስ አፓቺን «አፓቺ2» ብሎ ይጭነዋል፤ ሬድ ሃት ያንኑ ሶፍትዌር «ኤችቲቲፒዲ» ይለዋል። ዴቢያን ላይ አፓቺ የሚሠራው «ደብልዩ-ደብልዩ-ደብልዩ-ዳታ» በሚባል ተጠቃሚ ስም ነው፣ ሬድ ሃት ላይ «አፓቺ» በሚባል፣ ሱሰ ላይ ደግሞ በሌላ። እንግዲህ የፋይል ፈቃዱን ለአንዱ ስም ብቻ የሰጠ ጫኝ ሌላኛው ሰርቨር ላይ ሪፖርት ላስቀምጥ ቢል እምቢ ይለዋል። በ2002 ፒኤችፒ 4.2 ሲወጣ ደግሞ አንዲት ሴቲንግ፣ ሬጂስተር ግሎባልስ የምትባለው፣ ከተከፈተችበት ተዘግታ መጣች። በሷ ላይ ተደግፈው የተጻፉ ፕሮግራሞች አዲሱ ሰርቨር ላይ ሲወጡ ወደቁ። መዝጋቱ ለደኅንነት ትክክል ነበር፤ ግን አሮጌው ሰርቨር ላይ የሚሠራው አዲሱ ላይ አልሠራ አለ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን የኤንጂንኤክስ ነገር ነው። በ2004 የወጣው ይህ ሰርቨር ፈጣን ነው፣ ሆኖም አፓቺ የሚያነበውን ኤችቲአክሰስ የተባለ የደንብ ፋይል ጭራሽ አያነብም። ፕሮግራመሩ በዚያ ፋይል የዘጋው ፎልደር ሰርቨር ሲቀየር ክፍት ሆኖ ያድራል። ስህተት አለ የሚል መልእክት የለም። ያልሠራ ነገር ወዲያው ይታወቃል፤ ሳይታወቅ የተከፈተ በር ግን የሚታወቀው ሌባ ከገባ በኋላ ነው።

መፍትሔ የፈለጉት በሁለት መንገድ ሄዱ። ዴቢያኖች ሶፍትዌሩን ሦስት ቦታ ከፈሉት፤ ማንም የማይነካው የፕሮግራሙ አካል ለብቻ፣ የቦታው ሴቲንግ «ኢቲሲ» ፎልደር ውስጥ፣ ዳታው «ቫር» ውስጥ። አዲስ ቅጂ ሲመጣ የመጀመሪያው ይተካል፣ ባለቤቱ የለወጠው ሴቲንግ ግን ሳይጠየቅ አይነካም። የጃቫ ሰዎች ደግሞ በ1999 ሰርቭሌት 2.2 በተባለው ደንብ ዋር ፋይልን አመጡ። መላው ፕሮግራም በአንድ ፋይል ይታሸጋል፣ ቶምካትም ሆነ ሌላ ደንቡን የሚያከብር ሰርቨር ላይ ይቀመጣል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ዲኤችአይኤስ የተባለውን የጤና መረጃ ሥርዓት እዚህ አገር ለማስገባት ሥራ ጀመረ። ሶፍትዌሩ ከአፓርታይድ በኋላ ደቡብ አፍሪካ የተወለደ ነው። የመጀመሪያው ቅጂ በማይክሮሶፍት አክሰስ ላይ የተሠራ ነበር፤ የኮምፒውተሩ ዊንዶውስና ኦፊስ እንዴት ነው የሚለው ጥያቄ በየቦታው ይከተለዋል። ቀጥሎ የመጣውና በ2006 ሕንድ ኬረላ ሥራ የጀመረው ዲኤችአይኤስ2 በጃቫ ተጽፎ በዋር ፋይል ይታደል ጀመር። የዳታቤዙ አድራሻና የይለፍ ቃል ዋሩ ውስጥ የሉም፤ ውጭ፣ ዲኤችአይኤስ ኮንፍ በሚባል ትንሽ ፋይል ውስጥ ናቸው። ሰርቨር የሌለው ቢሮ ደግሞ «ላይቭ» የሚባለውን ጥቅል ማስነሣት ይችል ነበር፤ ሰርቨሩንም ዳታቤዙንም አብሮ ይዞ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል።

ጤና ሚኒስቴር በ2018 ዲኤችአይኤስ2ን በአገር አቀፍ ደረጃ ሲያስጀምር የዚህ አሠራር ጥቅም በዘመን አቆጣጠራችን ታየ። የእኛ ዓመት 13 ወር አለው፤ ስንት የውጭ ሶፍትዌር ጳጉሜን አላውቅም ብሎ አስቸግሮናል! ዲኤችአይኤስ2 ላይ ግን የኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደ ኔፓሉና እንደ ታይላንዱ የሚመረጥ ሴቲንግ ነው። አቆጣጠሩ ፕሮግራሙ ውስጥ በሚስማር ተመትቶ ቢሆን ኖሮ ለኢትዮጵያ ብቻ የተቆረጠ ቅጂ ይኖረን ነበር፤ ኦስሎ አዲስ ቅጂ ባወጣ ቁጥርም ያንን በእጃችን እንደገና ስንሰፋ እንኖር ነበር።

ዋር ግን ሁሉንም አይሸከምም። የጃቫው ቅጂ፣ ቶምካቱ፣ ፖስትግሬሱ ከውጭ የሚመጡ ናቸው፤ አዲሱ ዲኤችአይኤስ2 አሮጌ ጃቫ ላይ አይነሣም። በ2013 ይፋ የሆነው ዶከር መልሱ ይኸው አለ፤ ቤቱን እንዳለ ጭናችሁ ሂዱ። የሶማሌ አርብቶ አደር አቃሉን ግመል ላይ ጭኖ እንደሚሄደው ማለት ነው። ጥሩ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ግመሉ ይከብዳል፤ በመቶዎች ሜጋባይት የሚመዘን ጥቅል በቀጭን ኢንተርኔት ማውረድ ምን እንደሆነ የሞከረ ያውቃል። ደግሞ የይለፍ ቃሉን ጥቅሉ ውስጥ ያተመ ሰው ዶከር ተጠቀመም አልተጠቀመም ያው የድሮውን ጥፋት ነው የሠራው።

እኛ ጋ አሁንም በብዛት የሚሠራው በሰው ነው። ልጁ ይመጣል፣ ሦስት ቀን ይቀመጣል፣ እዚህ ፈቃድ ይሰጣል፣ እዚያ መስመር ይቀይራል፣ ሲስተሙ ይነሣል። ልጁ ሥራ ይለቃል። ሰርቨሩ ሲቃጠል ዳታው ባክአፕ ቢኖረው እንኳ እነዚያ ሦስት ቀናት ባክአፕ የላቸውም፤ የካርድ ክፍሉ ወደ ወረቀት ይመለሳል፣ ታካሚው ይሰለፋል።

ስለዚህ ሲስተም የምትገዙ መሥሪያ ቤቶች፣ የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ። ባዶ ኮምፒውተር አምጡ፤ ሲስተሙን ያልሠራ፣ ሲሠራም ያላየ ባለሙያ ከድርጅቱ የተሰጠውን ጥቅልና መመሪያ ብቻ ይዞ ፊታችሁ ይጫነው። ሠሪው አጠገቡ አይቁም፣ ስልኩም ይዘጋ።