አርማታና ካስማ

የአገር ታሪክ የሚገኘው ከመዝገብ ቤት ብቻ አይደለም፤ ከግንበኛ አፍም ይለቀማል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ግቢ ሲታደስ ቆም ብላችሁ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። «ሲሚንቶ አቅርብ!»፣ «ፌሮውን እሰር!»፣ «ባሬላ ያዝ!»፣ «ሊሾው ሳይደርቅ አትርገጡ!» ሲባል ትሰማላችሁ። እነዚህ ቃላት ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ፌሮ ብረት ነው፤ ባሬላ ቃሬዛ ነው፤ ሊሾ ለስላሳ ማለት ነው። አርማታ የምንለውም «የታጠቀ» ማለት ሲሆን፣ ብረት የታጠቀ ሲሚንቶ መሆኑ ነው። አርማታው ላይ የምትቆመዋ መኪናም ብትሆን ከስሟ ጀምሮ እስከ ጎማዋ፣ ካምቢዮዋ፣ ኮፋኖዋና መስታወቷ ላይ እስከሚለጠፈው ቦሎ ድረስ የዚያው ቋንቋ ልጅ ናት። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ «ቃል ባዶ እጁን አይሰደድም፤ ዕቃውን ተሸክሞ ነው የሚመጣው» እላቸው ነበር። በግቢያችን ውስጥ ያለው የመኪና ማቆሚያ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

ከሲሚንቶ በፊት መገንባት አናውቅም ነበር ማለት ግን አይደለም። በ17ኛው መቶ ዘመን የቆሙት የጎንደር አብያተ መንግሥት ድንጋያቸው የተያያዘው በኖራ ነው። ባላገሩም ጭቃውን ከጭድ ጋር እያቦካ ግድግዳውን ሲመርግ፣ ወለሉን በእበት ሲለቀልቅ ኖሯል። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም ከተቆረቆረች በኋላ አብዛኛው ሰፈሯ ያደገው በእንጨትና በጭቃ ነው። የመጀመሪያዋ መኪና በ1900 ዓ.ም ቤዴ ቤንትሊ በሚባል እንግሊዛዊ አማካይነት ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማ ስትገባ፣ ስለ መኪና ማደሪያ የሚጨነቅ ከተሜ አልነበረም። የሚያሳስበው የበቅሎው ጋጣ ነበር።

ዛሬ በከረጢት የምንገዛው ዱቄት የተወለደው እንግሊዝ አገር ነው። ጆሴፍ አስፕዲን የሚባል ግንበኛ እ.ኤ.አ. በ1824 «ፖርትላንድ ሲሚንቶ» ብሎ የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። ብረት ያስታጠቀው ደግሞ ጆሴፍ ሞኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ አትክልተኛ ነው። ይህ ሰው የአበባ መትከያው ቶሎ ቶሎ እየተሰበረ ቢያስቸግረው በሲሚንቶው ውስጥ ሽቦ ቀበረበትና እ.ኤ.አ. በ1867 መብቱን አስከበረ። ልብ በሉ፤ አርማታ የመጣው ለአበባ ተብሎ ነው። እኛ ግን የግቢያችንን አበባ እየነቀልን እንሞላዋለን።

ወደ እኛ አገር ሲሚንቶ ማምረት የገባው ከወረራው ጋር ነው። የመጀመሪያውን ፋብሪካ ጣሊያኖች በድሬዳዋ አቋቋሙ። ጠላት ሲባረር ፋብሪካውም ቃላቱም ቀሩ። በደርግ ዘመን፣ በ1976 ዓ.ም፣ ሙገር ሥራ ጀመረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ መሰቦ በመቀሌ ተከተለ። ያም ሆኖ የኮንዶሚኒየሙ ግንባታ በተፋፋመበት፣ ፎቅ እንደ እንጉዳይ በሚፈላበት በ2000 ዓ.ም አካባቢ ሲሚንቶ ጠፍቶ ከውጭ እስከማስመጣት ተደርሷል። የዚያን ጊዜ «ሲሚንቶ አለኝ» የሚል ሰው «ዘመድ አለኝ» እንደሚል ሰው ይከበር ነበር። ኋላ ደርባና ዳንጎቴ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ የለሚው ትልቅ ፋብሪካ ተጨመሩ።

ወደ ሥራው ልመለስ። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤቴ ለመኪናው ማቆሚያ ሲያስሞላ እኔ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታዛቢ ነበርኩ። ስፋቱ ሦስት ሜትር በአምስት፣ ውፍረቱ አሥር ሳንቲ ሜትር። ሲናገሩት ትንሽ ነው፤ ሲሠሩት ግን አበሳ ነው። ሰፈራችን መረሬ አፈር ነው። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ከላዩ የተኛውን ሊሾም አብሮ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ አርባ ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ ወጣ። ይህም ስድስት ሜትር ኩብ አፈር ማለት ነው። በቦታው ገረጋንቲ ተሞልቶ ተጠቀጠቀ፣ ድንጋይ ተነጠፈ፣ ከዚያ ባለ ስምንት ሚሊ ሜትር ፌሮ በየሃያ ሳንቲ ሜትሩ ተጠላልፎ ታሰረ። አሥራ አምስት ቤርጋ ጨረሰ።

ሙሌቱ አንድ ሜትር ተኩል ኩብ ነው። ለአንድ እጅ ሲሚንቶ ሁለት እጅ አሸዋና ሦስት እጅ ጠጠር በሳጥን እየተሰፈረ፣ አሥራ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ በላ። ዋጋውን በብር ብጽፍላችሁ ጽሑፉ እጃችሁ ሳይገባ ይለወጣል፤ ስለዚህ በከረጢት ያዙልኝ። ደግሞም ሲሚንቶው የወጪው አንድ ክፍል ብቻ ነው። የቁፋሮው፣ የአፈር ማስወገጃው፣ የገረጋንቲው፣ የፌሮውና የእጅ ዋጋው ሲደመር ባለቤቱ «ለመኪናዋ ሁለተኛ ቤት ሠራሁላት» ማለቱ አልቀረም።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ይስታል። አርማታ የሚጠነክረው ደርቆ ሳይሆን ውሃ ጠጥቶ ነው። ሲቦካ ውሃ ከበዛበት ይደክማል። ሠራተኛው አካፋው እንዲቀልለት አንድ ባልዲ ሲጨምር ከጥንካሬው ላይ እየቀነሰ ነው። ከተሞላ በኋላ ግን ቢያንስ ለሰባት ቀን ጆንያ አልብሶ ጠዋት ማታ ውሃ ማጠጣት የግድ ነው። ሙሉ ጉልበቱን አገኘ የሚባለውም በሃያ ስምንተኛው ቀን ነው። ከአራስ ብዙም አይለይም።

የዚያን ቀን የተሞላው አርማታ ከሦስት ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል። እሱን ያመላለሰው ማሽን ሳይሆን ባሬላ ነው፤ ሰባ ሰማንያ ምልልስ። ከተሸካሚዎቹ ግማሾቹ ሴቶች ነበሩ። አንዷን ልጅ፣ ዕረፍት ላይ ሳለች፣ «አይከብድሽም?» አልኳት። «ጋሼ፣ ባሬላ እኮ ከፊትም ከኋላም እኩል ነው የሚከብደው። የሚለየው ማታ ሲከፈለን ነው» አለችኝ። የሴቶቹ የቀን ሒሳብ ከወንዶቹ ያንስ ነበር። የአርማታ ዋጋ ሲተመን ይህችን ልዩነት ማንም አይጽፋትም፤ ግን እዚያው ውስጥ ተሞልታ ትቀራለች።

ደግሞ ጥቅሙን መካድ ነውር ነው። ጭቃ ውስጥ ሲያቦኩ ያደጉ እግሮች የሊሾን ምቾት ያውቁታል። በርበሬና እህል ሰሌን ላይ ያሰጡ የነበሩ እናቶችም እንዲህ ያለ ንጹሕ አውድማ በማግኘታቸው ይመርቃሉ። ሆኖም አዲስ አበባ ላይ በዓመት ከአንድ ሺህ ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይዘንባል። አሥራ አምስት ካሬ ሜትር ላይ የሚወርደው ከአሥራ አምስት ሺህ ሊትር፣ ማለትም ከሰባ አምስት በርሜል ይበልጣል። ድሮ ብዙውን መሬቱ ይጠጣው ነበር። አሁን የት ይሂድ? በአጥር ሥር ወደ ታችኛው ጎረቤት፣ ከዚያ ወደ መንገድ፣ ከዚያ ወደ ቀበና። የግቢው ሁሉ ድምር ሲሆን ክረምት በመጣ ቁጥር የምናማርርለት ጎርፍ ይሆናል።

ሌላም አለ። ግቢ በእኛ ባህል የመኪና ብቻ አይደለም፤ ድንኳን የሚተከልበት ነው። ሠርግም ለቅሶም እዚያ ነው። እዚያው ሰፈራችን ውስጥ ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር አርማታ ያስሞላ ቤት ለቅሶ ደረሰበት። የእድሩ ልጆች ካስማውን ይዘው መጡ፤ የሚመቱበት አፈር ግን አጡ። ገመዱን ከበሩ ብረትና ከድንጋይ ቁልል ጋር ሲያስሩ አመሹ። «ዋልታና ካስማ» ስንል ለምሳሌ የምንናገረው ይመስለን ነበር። ካስማ እኮ አፈር ይፈልጋል!

ታዲያ አትሙሉ አልልም። በድሮዎቹ ቪላዎች አንዳንዶቹ ውስጥ አንድ ብልሃት አይቻለሁ። ጎማ የሚያርፍበት ብቻ ሁለት መስመር ተሞልቶ፣ መሐሉ ሣር ነው። እያንዳንዱን ስድሳ ሳንቲ ሜትር ስፋት ብንሰጠው፣ በዚያው ርዝመትና ውፍረት፣ ሙሌቱ ከአንድ ሜትር ኩብ ተኩል ወደ ስድስት አሥረኛ ይወርዳል። አሥራ አንዱ ከረጢት አምስት አይሞላም። የባሬላው ምልልስም ከግማሽ በታች ይሆናል። መኪናዋ ጭቃ አይነካትም፤ ዝናቡም መንገዱን አያጣም። የእድር ልጆች ሲመጡም ካስማ የሚመቱበት ቦታ ይኖራቸዋል።

ግንበኛ ሲመጣ አስቀድሞ የሚጠይቃችሁ «ስንት በስንት ይሁን?» ብሎ ነው። እናንተ ግን ከመመለሳችሁ በፊት ግቢው ውስጥ ዞር ዞር በሉና ሜትሩን ከመኪናው ብቻ ሳይሆን ከዝናቡና ከድንኳኑም ጀምሩት።